ኮምባይነር ላይ የቆመችው ሴትዮ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቡፌያችሁ ውስጥ ወይም ቁምሳጥናችሁ ላይ፣ ሰው አምጥቶላችሁ እስከ ዛሬ ሳትፈቱት የተቀመጠ ጥቅል የለም? ካለ ያው እንደ እኛ ናችሁ። ስጦታ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ «ምነው ባትቸገር» ይሉታል፣ ከዚያ እንዳላዩት ሆነው አንድ ጥግ ያስቀምጡታል። አምጪው ፊት መፍታት ነውር ነው፤ የጎመጁ ያስመስላል። አምጪው ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚያቻኩል ነገር የለም። በዚያ መሐል አንዷ ትወልዳለች፣ አንዱ ያገባል፣ ጥቅሉም ሳይፈታ ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንግዲህ የድፍን ጥቅል ንግድ ውስጥ የገባሁት።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማው ናዝሬት ነው። የንግድ ሥራ ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ አክስቴ እትዬ ብርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስል በእርግጥም ተቀምጫለሁ፤ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እትዬ ብርቄ ከባቡር ጣቢያው በሚወጣው መንገድ ላይ የጨዋታ ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ሱቋን የከፈተው ባሏ ጋሽ ደጀኔ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ሰው ስኳርና ሳሙና በሰልፍ በሚገዛበት ዘመን ካርታ፣ ዶሚኖ፣ ብይ፣ የላስቲክ ኳስና የመዝለያ ገመድ ደርድሮ የሚሸጥ እሱ ብቻ ነበር። ምነው ሌላ ነገር ብትሸጥ ሲሉት፣ ሰው ሰልፍ ላይ ሆኖ ምን እየሠራ ይቁም ብሎ ይመልስ ነበር።

ራሱ የሚወደው ዳማ ነበር። ሰሌዳውን ከዕቃ ሳጥን ጣውላ በእጁ ሠርቶ በከሰልና በኖራ ቀብቶታል። ጠጠሮቹ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ ወገን የቢራ፣ የሌላው ወገን የለስላሳ። ከቢራዎቹ አንዷ ቆርኪ ጠፍታ በምትኳ የገባችው ከጋሽ ቱፋ የደንብ ልብስ ላይ የተቆረጠች የነሐስ ቁልፍ ነበረች። ጋሽ ቱፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ሁለቱ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለት ወንበር አውጥተው ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ወንበር ከቆርቆሮው ሥር ጥላ ላይ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ። የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ቀሪውን ከሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። የናዝሬትን የከሰዓት ፀሐይ የምታውቁ ፍርዱ ቀላል እንዳልነበረ ይገባችኋል። የጋሽ ደጀኔ ግንባር ተልጦ ድኖ አያውቅም። እትዬ ብርቄ ለግንባሩ ቫዝሊን ገዝታ የማትጨርስ ሴት ሆና ነበር።

ጋሽ ደጀኔ ሲሞት ጋሽ ቱፋ ለቅሶውን እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ሱቁ ደጃፍ ድርሽ አላሉም። በማዶው ጠርዝ ያልፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «አካም ጅርታ፣ ብርቄ» ይላሉ፣ መልሱን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። እትዬ ብርቄ ሁለቱን ወንበሮች በየቀኑ ታወጣለች። ዳማውን ከባንኮኒው ኋላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ በየማለዳው በጨርቅ ትወለውለዋለች። ስለ ጋሽ ቱፋ ስጠይቃት፣ የደጀኔ ወዳጅ እንጂ የእኔ ወዳጅ መች ነበረ ብላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ትምህርቴ ራስ ምታት ሆኖ ተነሣብኝ። ያልተሸጠውን ዕቃ ሁሉ ጠቅልለን፣ ምን እንዳለበት ሳናሳይ ብንሸጠው ሰው ለማወቅ ሲል ይገዛል አልኳት። እትዬ ብርቄ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ እኔን ከመቀመጥ የሚያስነሣ ነገር መሆኑን ስትረዳ ተስማማች። መጠቅለያ ወረቀት በአገሩ የለም። ያለው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚመጣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ነው፤ ትራክተር፣ ግድብ፣ አበባ የያዙ ሕፃናት። ቅጠል በቅጠል እየገነጠልን ጠቀለልን። ተደርድሮ ሲታይ ከውስጡ ይልቅ ላዩ ያምር ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዙር የፊሽካ ዙር ሆነ። በሱቁ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ፊሽካ ነውና እጄ ወደሱ አደላ። የገዙት ደግሞ በአብዛኛው ለልጆቻቸው የገዙ ስለነበሩ እዚያው ተፈታ። የቀበሌያችን ጥበቃ ሰው የሚጠራው በፊሽካ ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ስብሰባ እየመሰለው ከምጣዱም ከመኝታውም እየተነሣ አዳራሹ በር ላይ ይሰበሰብ ጀመር። ጥበቃው ምስኪን ሰው ነው፤ በየአቅጣጫው ሲሮጥ ውሎ ማን እንደጠራው ሳያውቅ ይገባል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አስጠርተውኝ፣ ስብሰባ እንዲህ ሞልቶ ስለማያውቅ ደስ ብሏቸው እንደነበር ሆኖም የሚነገር አጀንዳ እንዳለቀባቸው ነግረውኝ ፊሽካውን አስቆሙኝ።

አሻሻልኩት። ፊሽካውን አወጣሁና፣ የደረሰው ያልተስማማው ሰው አምጥቶ ከሌላው ጋር ይለዋወጥ አልኩ። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። የመዝለያ ገመድ የደረሳቸው አንድ ሐጂ ከገመዱ ጋር በትዕግሥት ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ካርታ የደረሳት የማኅበር እናት ካርታውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ማን ይቀበለኝ ትላለች። ሐጂው ካርታውን አይነኩም፣ እሷ ገመዱን አትፈልግም። እኔ መሐል ቆሜ ሦስተኛ ሰው እፈልጋለሁ። እስኪገኝ ድረስ ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመማቸው ሲጨዋወቱ ውለው፣ ሲለያዩ ዕቃውን ረስተውት ሄዱ።

ሦስተኛው ማሻሻያዬ ትልቁ ነው። ሰው እንዳይሰለች ከጥቅሎቹ በአንዱ ውስጥ እውነተኛ ደህና ነገር ይኑር አልኩ፤ በሩ ላይም በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ደህናው ነገር ምን እንደሚሆን ግን አላሰብኩም። እኔ የማስታወቂያ ሰው ነኝ፣ የዕቃው ነገር ለጊዜው አላሳሰበኝም ነበር።

ጥቅሎቹ ካለቁ በኋላ አንድ ማለዳ እትዬ ብርቄን ባዶ መደርደሪያ ስትወለውል አገኘኋት። ጨርቁ ሰሌዳው ይቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዳማውስ አልኳት።

«አንድ ደህና ነገር አለበት ብለህ በር ላይ ጽፈሃል» አለችኝ። «ቤቱን ሁሉ ፈለግሁ። ከእሱ የተሻለ ደህና ነገር የለንም።»

የሚጫወትበት የሌለው ሰሌዳ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋል፣ የሚጫወትበት ሰው ይድረሰው ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። በማግስቱ ግን ጨርቋን ይዛ እዚያው ቦታ ቆማ አየኋት፤ በሦስተኛውም ቀን። በዚህ ዓለም ላይ ከባሏ የቀራት ነገር እኔ ባወጣሁት ማስታወቂያ ምክንያት ሄዷል። ያንን ዳማ ሳላመጣ እንደማልቀመጥ ለራሴ ነገርኩት፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ቃል ነው።

እትዬ ብርቄ ዳማውን የጠቀለለችበትን ወረቀት ታስታውሳለች፤ ኮምባይነር ላይ ቆማ እጇን የምታውለበልብ ፈገግተኛ ሴትዮ። እኔም ሴትዮዋን አስታወስኳት። የገዟት ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴዋ እማማ ፋጤ ናቸው፤ ስንት ግድብና ትራክተር አገላብጠው «ይቺ ደስ ትላለች» ብለው የመረጧት። እንግዲህ ችግሩ ሄዶ መጠየቁ ነው። የሸጡትን መልስልኝ አይባልም፣ የሰጡትን ደግሞ ጭራሽ። እማማ ፋጤ ሱቅ ገብቼ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አቡጀዲ መጥፋት፣ ስለ ዝንብ አውርቼ አውርቼ በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋ ደረስኩ። ወንጂ የወለደች ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ይዘዋት ሄደዋል። ለአራስ ኮምባይነር እንዴት ነው ስላቸው፣ ሴትዮዋ እኮ ጤነኛ ናት፣ ለአራስ ጥሩ ምልኪ ነው አሉኝ። ፈትተው አይተዋት እንደሆነ ስጠይቅ ተቆጡኝ።

ወንጂ ሄድኩ። የአራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ከሱቁ ሌሎች ጥቅሎች አዘጋጅቼ ይዣለሁ፤ እንዳላዳላ ብዬ እያማታሁ ስለጠቀለልኳቸው በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም። የአራሷ ባል ማርቆስ የሸንኮራ ሠራተኛ ነው፤ ከደቡብ መጥቶ እዚያው የከረመ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እንግዳ የሚወድ ሰው። ጥቅሌን በሁለት እጁ ተቀብሎ ከሌሎቹ ጥቅሎች አጠገብ ሳያየው አስቀመጠው። እኔ ግን በዓይኔ መጽሔት የተለጠፈበትን ግድግዳ ስፈትሽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ትራክተር ብቻ። ገንፎ ቀረበልኝ። በላሁ። ሕፃኑ አባቱን እንደሚመስል ተናገርኩ። ሌላ ገንፎ ቀረበልኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ነው ማርቆስ በራሱ ጊዜ፣ አንዲት በጣም ያማረች ሴትዮ ያለችበት ጥቅል ደርሶት እንደነበርና እሷን ለዚች ጭቃ ግድግዳ ሳስቶ፣ መቂ አዲስ ቤት ለሠራው ወዳጁ ለጉደታ እንደወሰደለት የነገረኝ።

መቂ ደረስኩ። ጉደታ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭን፣ ሲናገር እንኳ መኪና እያስነሣ የሚመስል ሰው ነው። አዲሱን ቤቱን ከመሠረቱ ጀምሮ አስጎበኘኝ። ጥቅሌን ተቀበለኝ፣ አስቀመጠው። ስለ ቲማቲም አወራን። ከዚያ እኔ መጽሔት እንደምወድ፣ በተለይ የእርሻ ሥዕል ያለበትን እንደምወድ አንስቼ ጭቅጭቅ ወደሚመስል ነገር ስገባ፣ አዝኖልኝ መሰለኝ ነገሩን እሱ ራሱ ጨረሰው። ያቺን ሴትዮ የሚስቴ አባት ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ ይዣት ሄድኩ አለኝ። የት ናቸው ስለው፣ ናዝሬት፣ ጣቢያው አጠገብ አለኝ። ማን ይባላሉ ስለው ጋሽ ቱፋ።

ተቀመጥኩ። በሦስት ከተማ ዞሬ የደረስኩት ከሱቃችን ደጃፍ ወደሚታየው ቤት ነው። ጉደታ የደከመኝ መስሎት አንድ ኬሻ ሽንኩርት አሸከመኝ።

መመለሻዬ ላይ ሞጆ አካባቢ ኬላ ቆምን። ፈታሹ ወጥቶ ኬሻዬን በእግሩ ነካ አደረገና ብብቴ ሥር የቀረችውን አንዲት ጥቅል አየ።

«ምንድን ነው?»

«ስጦታ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«አላውቅም።»

«የጠቀለለው ማነው?»

«እኔ።»

ፈታሹ አልተቆጣም፤ በእውነት ተጨነቀልኝ። ጥቅሉን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። ይንኮሻኮሻል። አንዱ ተሳፋሪ ዶሚኖ ነው አለ፣ ሌላው ብይ ነው አለ፤ ከኋላ ያሉ እናት ድምፁ የመቁጠሪያ ነው ብለው አማተቡ። አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሹፌሩ ሳይቀር ሞተሩን አጥፍቶ ሊሰማ መጣ። ይፈታ የሚል ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ፈታሹ በመጨረሻ ለማን እንደምወስደው ጠየቀኝ፤ ለታመመ ሰው አልኩት።

«ለታመመ የሚሄድ አይፈታም» ብሎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «እግዜር ይማራቸው በልልኝ።»

ቤት ስገባ ለእትዬ ብርቄ ስለ ዳማው ትንፍሽ አላልኩም። ካልተገኘ ዳግመኛ ማዘኗ ነው፤ አንዴ ከሄደ ነገር ላይ ተስፋ ማንጠልጠል ልቤ አልደፈረም። ጋሽ ቱፋ ታመዋል ብቻ አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠች። እስከ ዛሬ ለምን አልሰማሁም ብላ ነጠላዋን አነሣች፤ ሱቁን ገና በቀን ስትዘጋ ያየኋት ያኔ ነው።

ጋሽ ቱፋ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ ሰውነታቸው ግን ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። እትዬ ብርቄን ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ። እሷ ሽንኩርቱን፣ እኔ ጥቅሌን ሰጠናቸው፤ ጥቅሏን ተቀብለው ቡፌው ላይ አስቀመጧት። እዚያው ቡፌ ላይ፣ ከራዲዮኑ አጠገብ፣ ኮምባይነሯ ላይ ቆማ ሴትዮዋ እጇን እያውለበለበች ነው። ወረቀቱ አንዲት ጥግ እንኳ አልተቀደደም። ወደ እትዬ ብርቄ ዞር ስል እሷም አይታታለች። የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክላለች።

ስለ ሕመም ተወራ፣ ስለ ባቡር ተወራ። ስለ ጋሽ ደጀኔ አልተወራም። ልንነሣ ስንል ጋሽ ቱፋ ከቤቴ ባዶ እጅሽን አትወጪም አሉና እጃቸውን ወደ ቡፌው ዘረጉ። እጃቸው እኔ ያመጣሁት ጥቅል ላይ አረፈ። ያመጣችሁትን መልሼማ አልሰጣችሁም ብለው ራሳቸውን ወቀሱና እጃቸውን ወደ ሴትዮዋ ወሰዱት። «የልጄ ባል ነው ከመቂ ያመጣልኝ። ምን እንዳለበት አላውቅም» አሉ። «አልጋ ላይ ሆኜ እሷን ሳይ ገና ያልተፈታ ነገር አለኝ እላለሁ።»

እትዬ ብርቄ በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ፤ ዳማው በእጃችን ገብቷል፣ ጉዳዩ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ መውጣት ብቻ ነው። እሷ ግን መልሳ ተቀመጠች። ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ቱፋ፣ አንተ ፍታው።»

«የሰጠሁሽን? ፊትሽ?»

«ፊቴ ፍታው።»

ጋሽ ቱፋ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ እንዳትቀደድ ክሩን በጥንቃቄ ፈቱ። ጣውላው ብቅ አለ፣ ቆርኪዎቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተበተኑ። ከመካከላቸው አንዷን አነሡ፤ የነሐሷን ቁልፍ። «ያ ደጀኔ» አሉ በቀስታ።

«ወንበሩን እያየሁ ነው የማልፈው፣ ብርቄ» አሉ። «የእሱን ወንበር ባዶ ሆኖ ማየት አልቻልኩም።»

«እኔ ሁለቱንም ነው ባዶ የማያቸው» አለቻቸው።

ጋሽ ቱፋ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ብርቄ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ከብርድ ልብሱ ላይ መልቀም ጀመረች። ስትለቅም፣ እያየቻቸው ሳይሆን ቆርኪዎቹን እያየች፣ ከሞተ ወዲህ ስትናገረው ያልሰማሁትን ነገር ተናገረች። ደጀኔ በየቀኑ ወደ ቤት ሲገባ ዛሬም ቱፋን አሸነፍኩት ይለኝ ነበር አለች። እውነቱን ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ቱፋ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ጣራው ተመለከትኩ። የጋሽ ደጀኔን ግንባር መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል።

«እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ ቱፋ። «አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።»

ያን ሁሉ ቫዝሊን ስትቀባው የኖረችው እትዬ ብርቄ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ብያለሁ» አለች፤ ስትልም ፊቷ ላይ ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ፈገግታ መጣ።

የጥቅሉ ንግድ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ ማሻሻሌን ተውኩት። ሰው አይፈታውም እንጂ አልጠላውም፤ ዛሬም ቢሆን ከናዝሬት እስከ መቂ ባሉት ቡፌዎች ላይ የእኔ ትራክተሮች ሳይቆሙ አይቀርም። ኬላ ላይ የተንኮሻኮሸችው ምን እንደሆነችም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጋሽ ቱፋ አልፈቷትም፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ገና ናት ይላሉ።

እሳቸው ከአልጋ ተነሥተው መራመድ የጀመሩ ሰሞን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መንገዱን አቋርጠው በእኛ በኩል መጡ። እትዬ ብርቄ ወንበሮቹን አውጥታለች፣ ሰሌዳው መሐል ተቀምጧል፣ ቆርኪዎቹ ተደርድረዋል። ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም አሏት። ከዚያ ጥላ ላይ ያለውን ወንበር አልፈው ፀሐይ ላይ ባለው ቁጭ አሉ።

ጋሽ ቱፋ፣ ጨዋታው እኮ ገና አልተጀመረም አልኳቸው።

«ልማዴ ነው» አሉ።

እትዬ ብርቄ ወደ ውስጥ ገባችና የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች።